«ዥዋዥዌ» ስለምን ከ«የነበረ» ጋር እኩል ይቆጠራል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየሳምንቱ የምታወጡትን፣ በክብ ውስጥ ከተቀመጡ ሰባት ፊደላት ቃላት የመመሥረት ጨዋታ እኔና ከሰዓት በኋላ ከቤቴ ደጃፍ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር የሚሰበሰቡ ጎረቤቶቼ ከጀመራችሁበት ሳምንት አንስቶ ሳናቋርጥ ስንከታተለው ቆይተናል። የከዚራን ዛፎችና የድሬዳዋን የስምንት ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ከጥላ ወጥቶ ሌላ ሥራ መሥራት እንደማይቻል ስለሚረዳልን፣ ለአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ጊዜ መስጠታችንን እንደ ሥራ ፈትነት እንደማይቆጥርብን ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የነጥብ አሰጣጣችሁ ነው።

ባለፈው ወር በአንዱ እትም ላይ የሰጣችሁን ፊደላት «ዥ»፣ «ዋ»፣ «ዌ»፣ «የ»፣ «ነ»፣ «በ» እና «ረ» ነበሩ። አንድን ፊደል ደጋግሞ መጠቀም በደንባችሁ የተፈቀደ በመሆኑ፣ ከመካከላችን አንዱ ከብዙ ዝምታ በኋላ «ዥዋዥዌ!» ብሎ ሲጮኽ ሁላችንም አጨበጨብንለት። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱ ሲወጣ ግን «ዥዋዥዌ» አራት ነጥብ፣ «የነበረ» አራት ነጥብ ተብለው ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘናቸው። «የነበረ»ን ለማግኘት ዓይን መግለጥ ብቻ ይበቃል፤ ቃሉ በዚያው ገጽ ላይ በየአንቀጹ ተበትኗልና። ቃል በርዝመቱ ብቻ የሚመዘን ከሆነ፣ ብርቱ ፈላጊና ግዴለሽ ፈላጊ የሚለዩበት ነገር አይኖርም።

ነገሩን ስነግራት የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። «አባባ፣ እኛ በስልክ የምንጫወተው የእንግሊዝኛው ጨዋታ እኮ ዜድን ብቻዋን አሥር ነጥብ ይሰጣታል» አለችኝ። እርሷ የምትጫወተው፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል በሚመሠርቱበት በስክራብል አምሳያ የተሠራ ጨዋታ ነው። የስክራብል አፈጣጠር ለጋዜጣ ሰዎች ልዩ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል ጥቂት ልበልበት። ጨዋታውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ በዚያ አገር በደረሰው ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራውን ያጣ ሰው ነበር። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ መገኘት እንዳለበትና ስንት ነጥብ ማስገኘት እንዳለበት ለመወሰን የኒውዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ እየዘረጋ ፊደላቱን አንድ በአንድ ቆጠረ። ጨዋታው ስክራብል የሚለውን ስም ያገኘው በኋላ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1948 ጄምስ ብሩኖት በተባለ ሰው እጅ ነው። ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ «ኢ» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ስትሆን ዋጋዋ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ «ኪው» እና «ዜድ» ግን አንድ አንድ ጠጠር ብቻ አላቸው፣ ዋጋቸውም አሥር አሥር ነው። እንግዲህ የጨዋታው ሚዛን የተገኘው ከጋዜጣ ገጽ ነው፤ የእኛ ጋዜጣ ግን የገዛ ገጹን ሳይቆጥር ለሁሉም አንድ አንድ አድሏል።

ዋጋው ከቋንቋ ቋንቋ እንደሚለያይም ልብ ይሏል። በእንግሊዝኛ አሥር ነጥብ የምታስገኘው «ዜድ» በፖላንድኛው ስክራብል አንድ ነጥብ ብቻ ታስገኛለች፤ በዚያ ቋንቋ በየቃሉ ስለምትገኝ ነው። ስለዚህ የባዕድ ሚዛን ተውሰን በራሳችን ቃል ላይ ብንጭን አይሆንልንም። ሚዛኑን ከራሳችን ጽሑፍ ማውጣት ግድ ነው።

በዚህ ረገድ የምናገረው ከሙያዬ ተነስቼ ነው። ወጣት ሳለሁ እዚሁ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጥሬ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የአማርኛ ፊደል ለቃሚ 33ቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው በሰባት መልክ የሚሰጡትን 231 ፊደላት፣ በዚያ ላይ 20ዎቹን ዲቃላዎች፣ አኃዞቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን በየክፍላቸው ከያዘ ሰፊ ሣጥን ፊት ቆሞ፣ የእርሳስ ፊደላቱን በግልባጫቸው እያነበበ የሚለቅም ሰው ነበር። የትኛው ፊደል ብርቅ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ የሚያስተምር እንደዚያ ሣጥን ያለ መምህር አላየሁም። የ«ን»፣ የ«ት»፣ የ«የ»፣ የ«በ»፣ የ«ም» እና የ«ው» ክፍሎች ገና ገጹ ሳይጋመስ ይራቆቱና፣ አስቀድሞ የታተመ ገጽ ፈርሶ ፊደላቱ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ቆመን እንጠብቅ ነበር። የ«ዠ» ቤት ግን አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። «ጳ» የምትፈለገው ቀን መቁጠሪያ በምናትምባቸው ሳምንታት ነው፤ ያውም ለጳጉሜ። «ኧ» ደግሞ ሰው በጽሑፍ «ኧረ!» ብሎ ሲገረም ካልሆነ በቀር ከክፍሏ የምትወጣበት ምክንያት አልነበራትም።

በዚህ ልምድ ላይ ተመሥርቼ የሚከተለውን ሚዛን አቀርባለሁ፤ ገጻችሁን ቆጥራችሁ ብታርሙት ቅር አይለኝም። ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ፣ ከ፣ ወ እና የ አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣቸው። ሀ፣ ቀ፣ ደ እና ገ ሁለት፤ ሸ፣ ዘ፣ ጠ እና ፈ ሦስት፤ ቸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ጨ እና ጸ አምስት ይሁኑ። ኸ እና ፐ ስምንት፣ ዠ፣ ጰ እና ቨ አሥር አሥር ያግኙ። እንደ «ቋ»ና «ኳ» ያለ ዲቃላ በተገኘ ቁጥር ሁለት ነጥብ ይጨመር። በዚህ ስሌት «የነበረ» አራት እንደሆነ ይቀራል፤ «ዥዋዥዌ» ግን 22 ይደርሳል። «ጳጳስ» 21፣ «ጳጉሜ» 13፣ «ቋንቋ» ደግሞ 9 ያስገኛሉ። ጎረቤቶቼና እኔ እስካሁን ካገኘናቸው ቃላት ሁሉ የበላይ የሆነው «ቴሌቪዥን» ሲሆን፣ «ቪ»ን እና «ዥ»ን በአንድ ላይ ስለያዘ 23 ነጥብ ያወጣል። የውጭ ቃል ነው ብሎ የሚቃወም ቢኖር፣ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት በዚህች ከተማ አፍ ውስጥ ተወልደው አድገዋል እለዋለሁ። «ጋራዥ» የሚለው ቃል ለእኛ ከ«ዥረት» ያነሰ ቤተኛ አይደለም። (የ«ዥረት»ን ነገር ካነሳሁ፣ «ጅረት» ብሎ የሚጽፍ ተጫዋች በዚህ ሚዛን አምስት ነጥብ ይጎድልበታል፤ «ረጅም» እና «ረዥም»ም እንዲሁ ናቸው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የሁለቱ አነጋገር ክርክር ዋጋ ሊወጣለት ነው።)

ርዝመት መለኪያ እንዳይሆን የምሟገትበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በአማርኛ ቃል ማስረዘም በጣም ርካሽ ነገር ነው። «ቤት» ያለ ሰው «ለቤታችንም» ለማለት የሚያስፈልገው ብልሃት ሳይሆን ትዕግሥት ነው፤ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ እየቀጠለ እስከ ፈለገበት ይሄዳል። የስክራብሉ ፈጣሪም ይህ ችግር ገጥሞታል። በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ስም ብዙ ቁጥር ለማድረግ «ኤስ»ን ከኋላ መለጠፍ ስለሚበቃ፣ ጨዋታው በዚህ እንዳይረክስ ሲል የ«ኤስ»ን ጠጠሮች በአራት ገደባቸው። በእኛ ዘንድ የ«ኤስ»ን ሥራ የሚሠሩት «ን»፣ «ም»፣ «ች»፣ «የ»፣ «ለ»፣ «በ» ሁሉ ስለሆኑ በቁጥር መገደቡ አይበቃም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ራሱን ችሎ የሚገኝ ቃል ብቻ ይቆጠር፤ ዝርዝሩና ቅጥያው ይቅር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር እመጣለሁ። በአንድ ሌላ እትም «ረ»፣ «ሰ»፣ «ከ»፣ «በ»፣ «ደ»፣ «ለ» እና «ነ» ወጥተው ነበር። ሰባቱም ግዕዝ ስለነበሩ የተፈቀዱልን እንደ «ሰበረ»፣ «ከበደ» እና «ደነበረ» ያሉት ብቻ ሆኑ። ከመካከላችን አንዱ «ስኳር» ብሎ ጽፎ ቢልክ፣ «ስ»ም «ኳ»ም «ር»ም በክቡ ውስጥ የሉም በሚል መልሱ ውድቅ ተደረገ። በሕጉ መሠረት አዘጋጆቻችሁ ትክክል ናቸው፤ ሕጉ ግን የአማርኛን ባሕርይ አልተከተለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፊደል ሲያገለባብጥ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ በእጁ አሉ። እኛ ግን ሁለቱ በአንድ ፊደል ውስጥ ተጋብተው ስለሚገኙ «ሰ»ን ከ«ስ» ለይተን ካሰርናት ቃሉ መተንፈሻ ያጣል። ፊደል ሳንለውጥ በማገለባበጥ ብቻ የምናገኘው ጨዋታ አጭር ነው፦ «ልጅ» ተገልብጦ «ጅል»፣ «ጥም» ተገልብጦ «ምጥ»፣ «ልብ» ተገልብጦ «ብል»፣ «ጫማ» ተገልብጦ «ማጫ» ይሆናል። ያስቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ብዙም አያልፍም።

የአማርኛ ቃል ሥሩ ተነባቢዎቹ ናቸው። ስለዚህ ከክቡ ውስጥ የሚሰጠው ፊደል ሳይሆን ቤቱ ይሁን፤ «ሰ» ተብሎ ሲሰጥ ከ«ሰ» እስከ «ሶ» ያሉት ሁሉ፣ «ከ» ሲሰጥም ዲቃላዎቹ ጭምር ለተጫዋቹ የተፈቀዱ ይሁኑ። ይህ ሲሆን የሚከፈተውን በር ለማየት «ረ»ን፣ «ሰ»ን እና «ከ»ን ብቻ እንውሰድ። ሦስት ቤቶች በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከስድስቱ ሦስቱ በግዕዝ መልካቸው እንኳ ግሥ ናቸው፦ «ሰከረ»፣ «ከሰረ»፣ «ረከሰ»። (የአንድ ሰውን የሕይወት ታሪክ በሦስት ቃል ለመጻፍ ለሚሻ ቅደም ተከተላቸውም የተስተካከለ ነው።) አናባቢውን ነጻ ስናወጣው ደግሞ «ስካር»፣ «ኪሳራ»፣ «ርኩስ»፣ «ከርስ» ይከተላሉ፤ ያ የተጣለብን «ስኳር»ም በክብር ይመለሳል።

እኔ ይህን የማደርገው በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ በሰበሰብኳቸው ትንንሽ ካርዶች ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ አንባቢዎቻችሁም ቢሞክሩት ይጠቀማሉ። ማንኛውንም ቃል ሳገኝ ተነባቢዎቹን በሀለሐመ ተራ እደረድርና ያንን የካርዱ ራስጌ አደርገዋለሁ። «ልብስ» ሲመጣ ራስጌው «ለሰበ» ይሆናል፤ «በለስ» ሲመጣም «ለሰበ»፣ «ሰብል» ሲመጣም እንዲሁ። ስለዚህ ሳላስበው «በሰለ»፣ «ለበሰ»፣ «ሰለበ»፣ «ብስል»ና «ስልብ» ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ ይገናኛሉ። «መቀጠ» በሚለው ካርዴ ላይ «ጠቀመ»፣ «ጠመቀ»፣ «መጠቀ»፣ «ጥቅም»፣ «ቅምጥ»፣ «ቄጠማ» እና «ቁምጣ» ሰፍረዋል። «ረደፈ» በሚለው ላይ «ደፈረ»፣ «ፈረደ»፣ «ረፈደ»፣ «ፍርድ» እና «ረፋድ» ይገኛሉ። የልጅ ልጄ እንደነገረችኝ ኮምፒዩተርም የተዘበራረቁ ፊደላትን ቃል የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የሁለት ቃላት ፊደላት በተራ ሲደረደሩ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ አንዱ የሌላው ቅይር መሆኑ ያለ ድካም ይታወቃል። ሰባት የተለያዩ ፊደላት በ5,040 ዓይነት መንገድ ስለሚደረደሩ አንድ በአንድ እየሞከሩ መዝለቅ ለሰውም ለጊዜም አይመችም።

ከካርዶቼ ሁሉ የምወደው «መረከ» የሚለውን ነው። «መከረ»፣ «ከረመ»፣ «ከመረ»፣ «ማረከ»፣ «ምክር»፣ «ክምር»፣ «ምርኮ»፣ «ከርሞ» እና «መከራ» በላዩ ተጽፈዋል። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲሉ ካርድና ካርቶን ሳያስፈልጋቸው ይህንን ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አዙረው ተጫውተውበታል። ቅኔው፣ እንቆቅልሹና ተረቱ የሚሠራው ከሥርና ከድምፅ ነው፤ የቃል ጨዋታችሁም ከዚያው ቢቀዳ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይሆንበትም።

የሞክሼ ፊደላትንም ነገር ማንሳት አለብኝ፤ በየሳምንቱ ከጎረቤቶቼ ጋር የሚያጨቃጭቀን እርሱ ነውና። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ቢሰጡም፣ በጽሑፍ ግን ልዩነታቸው እስካሁን የሚከበርበት ቦታ አለ። ሥዕል የሚሥለው «ሠዓሊ» ነው፤ የሚለምነው ደግሞ «ሰአሊ»። «ድኅነት»ን የሚመኝ ሰው «ድህነት» ተብሎ ቢጻፍበት ደስ አይለውም። ዕድሜዬን በፊደል ለቀማ እንደፈጀ ሰው እነዚህ ፊደላት ከመጽሐፍ እንዲወጡ አልፈልግም። ለጨዋታው ግን ይዋሃዱ እላለሁ፤ አለበለዚያ «ሠ»ን በክቡ ውስጥ የሰጠ አዘጋጅ «ሰበረ»ን ይከለክለናል። 33ቱ ቤቶች በዚህ ውህደት 28 ይሆናሉ፤ «ቨ» ስትጨመር 29። ከእንግሊዝኛው 26 ፊደላት ብዙም ስለማይርቅ፣ አንድ ቀን በጠጠር የሚጫወቱት የአማርኛ ሰሌዳ ለመሥራት የሚነሳ ቢኖር 231 ዓይነት ጠጠር መቅረጽ አይጠበቅበትም።

በዚህ አጋጣሚ ለቃል ፍለጋ ቋንቋውን ማወቅ ግድ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ አስገራሚ ነገር ልጥቀስ። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ የሆነው የኒውዚላንዱ ናይጄል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር፤ የቃላቱን ዝርዝር በቃሉ አጥንቶ ነው የገባው። ከጎረቤቶቼ አንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ የኛ ልፋት ለምንድን ነው?» ብሎ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ማግሥቱን ግን ተመልሶ መጣ።

በመጨረሻ ስለ አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል አቤቱታ አለን። «አ» እና «ቦ» በክብ ውስጥ በወጡበት ሳምንት «አቦ» ብለን ብንልክ፣ በመልሱ ዝርዝር ውስጥ አላገኘናትም። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ሰው ሲደሰት፣ ሲማረር፣ ሲለምንና ሲያባብል ይህችን ቃል ሳይል ግማሽ ቀን አይውልም። በሰጠሁት ሚዛን ዋጋዋ ሁለት ነጥብ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምንጠይቀው ነጥቡን አይደለም።

ባለፈው እሑድ ለወጣው ጨዋታ ያገኘናቸውን 31 ቃላት በሁለቱም ሚዛን፣ በእናንተም በእኔም አስልተን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከናል። በእርሳስ የተከበቡት ሦስት ቃላት እኛ ራሳችን ያልተስማማንባቸው ስለሆኑ ፍርዱን ለእናንተ ትተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ፊደል ለቃሚ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ